ደሴ ላይ ያገኘሁት የስኳር ትምህርት፦ ለአዲስ ታካሚ ይጠቅማል ወይ?

ደሴ ውስጥ ስለ ስኳር በሽታ ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አንዴ «ስኳር አለብኝ» ካላችሁ ሁሉም ሐኪም ነው፤ አንዱ አብሽ ይላል፣ አንዱ ሽፈራው፣ አንዱ ደግሞ ስሙን የማያውቀው መራራ ቅጠል። የጠፋው የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ነው።

ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት የግል ክሊኒክ ይህንን ትሠራለች። ጠዋት ላይ አዲስ ታካሚዎችን ሰብስባ ታስተምራለች፤ ከካርድ ሌላ የሚከፈል ነገር የለም። ወቀሳም ስላለኝ ስሟን አልጽፍም። የፈለገ ጠይቆ ያገኛታል።

አስተማሪዋ ሲስተር መጀመሪያ የምታነሳው «በባዶ ሆድ» የሚለውን ነው። ቢያንስ ለ8 ሰዓት አለመብላት ማለት ነው፤ ውኃ ይቻላል። ቀላል ይመስላል። ግን ወሎ ላይ ቡናን ከምግብ ማን ይቆጥረዋል?
«ኧረ ምንም አልቀመስኩ ልጄ፣ አቦሏን ብቻ ነው» አሉ አንዲት እናት።
«ስኳር ነበረው እማማ?»
«ያለ ስኳርማ ምኑ ይጠጣል!»
ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ምርመራቸውም ለነገ ተዛወረ። ያለ ስኳርም ቢሆን ከምርመራው በፊት ቡናው ይቅር ተባሉ። ከዚያ ቁጥሮቹ መጡ። በለመድነው ሚሊግራም (በዴሲሊትር) ሲቆጠር፣ በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር የሚሉት ነው፣ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር ነው። «ራንደም» የሚባለው በማንኛውም ሰዓት፣ ተበልቶም ቢሆን፣ የሚለካው ነው፤ 200 ከደረሰና የውኃ ጥሙ፣ የሽንቱ መመላለስ፣ መክሳቱ ካለ ብዙ የሚያጠራጥር ነገር የለውም።

እኔን ያሳመነኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ከኮምቦልቻ የመጡ አንድ አባት ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን መለኪያ ይዘው ነበር። ጣታቸውን ወጋ አድርገው ለኩ፤ 7.2 አለ። የላብራቶሪ ወረቀታቸው ላይም «ኤዋንሲ 7.2» ተጽፏል። «ይኸው፣ አንድ ነው! ማሽኔ አይዋሽም» አሉ ኮራ ብለው። ሲስተሯ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ጻፈቻቸው። የእሳቸው መለኪያ የሚቆጥረው በሚሊሞል ነው፤ እኛ ወደለመድነው ሚሊግራም ለማምጣት በ18 ይባዛል፣ ስለዚህ 7.2 ማለት 130 ገደማ ነው፣ እሱም የዚያች ደቂቃ ስኳር ብቻ። ኤዋንሲ ግን በመቶኛ ነው። ስኳሩ ቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቃል፣ ሴሉ ደግሞ 120 ቀን ያህል ስለሚቆይ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ያሳብቃል። 7.2 በመቶ ማለት በአማካይ 160 አካባቢ ነው። ቀጠሮው ሲደርስ ለጥቂት ቀን እንጀራ ቀንሶ የሚመጣ ሰው ኤዋንሲን የማይሸውደው ለዚህ ነው። በኤዋንሲ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር ይባላል፤ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በታች ነው፣ በዕድሜ ለገፉና ሌላ ሕመም ላለባቸው ግን ሐኪሙ ላላ ሊያደርገው ይችላል። አባት መለኪያቸውን ገልብጠው አዩት። «ታዲያ ይሄ ልጅ ምነው የሰው አገር ቁጥር ላከብኝ?»

«ስኳር ወረደ» የሚለውንም በደንብ ነው ያስረዳችው። ከ70 በታች ማለት ነው፤ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይርባል፣ ያደናግራል። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ጠጥቶ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ እንደገና መለካት። ዳይት የሚባለው ለስላሳ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፣ ስኳር የለውማ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ብቻውን እምብዛም አያወርድም፤ ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ሌላው ክኒንና ኢንሱሊን ግን ምግብ ከተዘለለ ጉድ ያፈላሉ።

አንድ ሐጂ ስለ ረመዳን ጠየቁ። መልሷ ቁርጥ ያለ ነበር። ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ማስተካከል፣ ጾሙ ከገባ በኋላም መለካትን አለማቋረጥ፣ ከ70 ከወረደ መግሪብን ሳይጠብቁ ማፍጠር። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተከራከሩም።

ስለ ኢንሱሊን ቶሎ ነው ያለፈችው፣ ቢሆንም ዋናውን ተናግራለች። ኢንሱሊን የሚቆጠረው በዩኒት ነው፤ በለመድነው የኢንሱሊን መርፌ 1 ሚሊ 100 ዩኒት ስለሆነ በሌላ መርፌ መቅዳት አደገኛ ነው። መርፌ የጀመረ ሁሉ ደግሞ ዓይነት አንድ ሆነ ማለት አይደለም። ዓይነት አንድ ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት ሲያቆም ነው። ዓይነት ሁለት ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት በአግባቡ ሳይጠቀምበት ሲቀር የሚመጣ ነው፤ እያደር ምርቱም ስለሚቀንስ ብዙዎች መርፌ ያስፈልጋቸዋል። እዚህ አገር ግን «መርፌ ጀመረ» ሲባል ለቅሶ የሚቀመጥ አለ።

አሁን ወደ ወቀሳው። በሰዓቱ አይጀምሩም። የሚታደለው ወረቀት ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ እንዲያ ተብራርቶ ሲያበቃ ቤት ወስዳችሁ ለማን ታሳያላችሁ? የየሰዉ ውጤት ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ደሴ ደግሞ አጠገባችሁ የተቀመጠው ጎረቤታችሁ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የምግቡ ነገር ከሁሉም ይብሳል። ስለ አጃና ሰላጣ ብዙ ወራች፣ ስለ ማሽላ እንጀራ ሲጠየቅ ግን «በመጠኑ» ብላ ዘጋችው። ስለ ቃሪቦ ለጠየቀውም «ቀንሱ» ብቻ። ቃሪቦ ስኳር የሚጨመርበት መጠጥ ነው፤ ድግስ ላይ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይቀዳል፣ እሱን በቁጥር ብትነግረን ምን ነበረበት!

ያም ሆኖ አዲስ ለሆነ ሰው ሂዱ እላለሁ። የላብራቶሪ ወረቀታችሁንና መለኪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የራሳችሁን ቁጥር አንሥታ ነው የምታስረዳው። መለኪያ ገና ካልገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ ስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካው ቁራጭ) ደሴ መኖሩን ፋርማሲዎቹን ጠይቁ። የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም።