ልጅ ተወልዷል፤ የተያዘው ጉዞ ይራዘም ወይስ አይራዘም?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ጥያቄው አንድ ነው። «ልጁ ሳይወለድ የያዝነው የዕረፍት ጉዞ አለ፣ ቀብድ ከፍለናል፣ እንሂድ ወይስ እናራዝመው?» እኔን የሚጠይቁኝ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ተሳስቼ ገንዘብ ስለከሰርኩ ነው። ወሬው ጓደኞቼ ዘንድ ዞሯል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አቋሜን አልደብቅም። አራዝሙት። ግን «ትንሽ ጠንከር ይበል» እያላችሁ እስከ ዓመት አትግፉት። ልጁ ከአራት ወር እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ያለበትን ጊዜ ያዙ። ከዚያ በፊት ያስጨንቃል፣ ከዚያ በኋላ ይወደዳል።

የኛ የመጀመሪያ ጉዞ ላንጋኖ ነበር። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ አንድ ሎጅ፣ ሦስት ሌሊት። የአንዱ ሌሊት 6,800፣ በጠቅላላው 20,400 ብር። ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ግማሹን ቀብድ ላክን። ያኔ ሆዴን እያሻሸሁ «ሁለት ወር ተኩል ይሞላዋል፣ ሲተኛ ነው የሚውለው፣ ምን ያስቸግራል» እል ነበር። ያልወለደ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው።

ልጁ በኦፕራሲዮን ተወለደ። ጉዞው ሲቃረብ እማዬ «አራስ ልጅ ይዛችሁ በረሃ? ምች ይመታዋል» አለች። ሳቅንባት። እኔ ግን ውስጤ ፈራ ስላለ ሎጁ ጋ ደወልኩ። ቀን መቀየሪያው 1,500 ብር ነው አሉኝ። «በነፃ ካልሆነ ምን በወጣኝ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያቺን 1,500 ብር አስታውሷት፣ እመለስባታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት የሁለት ወር ተኩሉን ክትባት አስከተብነው። ዓርብ ጠዋት ወጣን። ሚኒባስ ከነሾፌሩ በቀን 5,500 ብር ተከራይተናል። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ግን በየሰዓቱ እየቆምን፣ እያጠባሁ፣ ዳይፐር እየቀየርን ስድስት ሰዓት ፈጀብን። ስፌቴ በየጉድጓዱ ስሟን ትጠራልኝ ነበር። ሐይቁን ያየሁት በክፍሉ መስኮት ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጁ አለወትሮው ዝም አለ። ጡት አልይዝ አለ። ግንባሩን ነካሁት፣ ፈላ። ሙቀት መለኪያው 38.4 አለ። ባለቤቴ ሾፌሩን ቀሰቀሰው፣ በጨለማ ወደ ባቱ ነዳን። ክሊኒኩ ውስጥ ተረኛዋ መጀመሪያ የጠየቀችን «ስንት ወሩ ነው?» ብላ ነበር። ሁለት ወር ተኩል ስላት ፊቷ ተለወጠ። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 38 ከደረሰ «የክትባት ነው፣ ይለቀዋል» ተብሎ ቤት አይታደርም። በዚያ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ሌላ ምልክት ሳያሳይ ሊመጣ ይችላል። ደም ቀዱለት፣ ሽንት መረመሩ፣ እስኪነጋ አቆዩን። ደግነቱ የክትባቱ ትኩሳት ነበር። ሂሳቡ 2,350 ብር።

ጠዋት በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ሎጁ የቀረውን ግማሽ ስንገባ ተቀብሎናል፣ ያላደርንባቸውን ሁለት ሌሊቶች አልመልስም አለ፤ 13,600 ብር። መኪናውን ለሦስት ቀን ስለያዝነው ያልተነዳበት አንድ ቀን 5,500። ክሊኒኩ 2,350። ድምሩ 21,450 ብር። ይህ ሁሉ 1,500 ብር ሰስቼ ነው።

ታናሽ እህቴ ይህን አይታ በተቃራኒው ሄደች። ልጅቷ ዓመት ከሁለት ወር እስኪሞላት ጠበቀች። ከዚያ ቢሾፍቱ፣ መዋኛ ያለው ሆቴል፣ ሁለት ሌሊት በ5,500፣ 11,000 ብር። ሲሰማ ጥሩ ነው። ግን ልጅቷ መራመድ ጀምራለች፣ መራመድ ብቻ ሳይሆን ትሮጣለች፣ የምትሮጠውም ወደ መዋኛው ነው። እህቴና ባሏ እየተፈራረቁ ሲያባርሯት ዋሉ። ብቻቸውን እንደማይችሏት ስለገባቸው ሞግዚቷን ይዘው ነበር የሄዱት። ሞግዚቷ ደግሞ ክፍል ያስፈልጋታል፤ 4,000 በ2፣ 8,000 ብር ተጨመረ። ምግቡ በርበሬ ነው፣ ልጅቷ አትበላም። እንቁላል ቅቅል ብቻ ስትበላ ሁለት ቀን አለፈ። ማታ አዲስ ቤት ነው ብላ እንቢ አለች፣ እስከ 7 ሰዓት ኮሪደር ለኮሪደር። እህቴ ስትመለስ «ለማረፍ ዕረፍት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ሁለተኛው የኛ ጉዞ ነው የሚሻለው፣ ለዚህ ነው የምሟገተው። ልጁ አምስት ወር ከሦስት ሳምንት ሲሆነው ሐዋሳ ሄድን። ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናብ አለ፣ አዎ። ግን በክረምት፣ ያውም ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ከሐይቁ ፊት ያለ ክፍል በ4,200 ብር አገኘሁ። ሁለት ሌሊት 8,400። ስልክ ላይ 5,000 ነበር ያሉኝ፣ «ቅዳሜና እሁድ አይደለም እኮ» ብዬ ነው ያስወረድኩት። ጠይቁ፣ አትፈሩ። ሐምሌ 19ን ብቻ ሽሹ፤ የሐዋሳ ገብርኤል ስለሆነ አልጋም አይገኝ፣ ዋጋም አይነካ።

ያ ዕድሜ ለምን ተስማማ? የሦስት ወር ተኩሉ ክትባት አልፏል፤ ቀጣዩ የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ነው። ምግብ አልጀመረም፤ ስለዚህ ጡጦ የለም፣ ውሃ ማፍላት የለም፣ ፔርሙስ የለም። እኔ ካለሁ ምግቡ አለ። አይድህም፤ ያስቀመጣችሁት ቦታ ታገኙታላችሁ። ደግሞ ማየት ጀምሯል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ አባ ኮዳ የምንለው ያ መላጣ ትልቅ ወፍ ከፊቱ ቆሞ ሲያየው፣ እሱም አፉን ከፍቶ ሲያየው፣ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተፋጠጡ። በሁለት ወር ተኩሉ ይህን አያይም ነበር።

የሚያስወቅሰኝን ነገርም ልናገር። በሥራ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ እናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ወር ስትሄዱ ሁለታችሁም የዓመት ፈቃድ ታቃጥላላችሁ፤ ለአዲስ ሠራተኛ ያለው 16 የሥራ ቀን ነው። ከኔ ሦስት ቀን ሄደብኝ። ብዙዎች በወሊድ ፈቃድ ውስጥ ለመሄድ የሚጣደፉት በዚህ ነው፣ እኔም ጭምር። ሦስት ቀን ፈቃድ ከባቱ ሌሊት ይሻላል፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ወባውን አትርሱ። ላንጋኖም ሐዋሳም ቢሾፍቱም ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። የሕፃን አጎበር ከቤት ያዙ፣ ሆቴል አለ ቢሏችሁም። ያለው ብዙ ጊዜ ተቀዷል።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ፣ ወደ ሕፃን ጋሪው። ለላንጋኖው ጉዞ መርካቶ 11,000 ብር ጋሪ ገዛሁ። «ኦሪጅናል ነው» ተባልኩ። ስሙ ላይ አንድ ፊደል እንደጎደለ ያየሁት ቤት ገብቼ ነው። ሎጁ ግቢ ጠጠር ላይ ሃያ ሜትር ሳይሄድ የፊት ጎማው ተነቀለ። ጎማውን የያዘው ብረት አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ክፍት። ጠጋኙ «ጎማው ለብቻው አይሸጥም» ብሎ በብሎን አሠረልኝ፤ 600 ብር። ሳምንት ቆየ። ሌላኛው ወገን ሲሰበር 450። ለአንድ ኮፒ ጋሪ 12,050 ብር ወጣ። ዛሬ እማዬ ጓዳ ቆሞ ሽንኩርት ይይዛል። ሐዋሳ የሄድነው እሷው በሰጠችን አንቀልባ ነው። ዋጋው ዜሮ፣ ጎማ የለው፣ ጭቃ አይፈራ።

የሕፃን የመኪና ወንበር ላይ ግን አትቆጥቡ። ኮፒው 8,000 ነው። እኛ ከአገር ከሚወጣ ሰው ያገለገለ ኦሪጅናል በ13,000 ገዛን። ሲገዙ ጀርባውን አዙሩት። የአውሮፓውን የደኅንነት ደረጃ የሚያሳይ፣ «አር 44» ወይም «አር 129» የሚል ብርቱካናማ ተለጣፊ አለው። ማብቂያ ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲኩ ላይ ተጽፏል። ግጭት ውስጥ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከነበረ አትግዙ። ቀበቶውን ቆልፋችሁ በሙሉ ኃይል ሳቡት፤ የኮፒው መቆለፊያ በእጄ ተከፍቷል። የሕፃን ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ ነው የሚታሰረው፣ ኤርባግ ያለበት የፊት ወንበር ላይ አይቀመጥም። የወንድሜ ቪትዝ የኋላ ወንበር ላይ በትክክል ገባ፤ ከመጓዛችሁ ሁለት ቀን በፊት ሞክሩት፣ በጉዞው ጠዋት አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ አውጡት፣ ይንጠራራ።

ሜሪላንድ ያለችው የባለቤቴ እህትም ጠይቃኛለች፣ ልጅ ለማሳየት አገር ቤት ልትመጣ ነው። የአውሮፕላን ሂሳብ ይለያል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ብዙ ጊዜ ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ አካባቢ ነው የሚከፍለው። ሁለት ዓመት የሞላው ዕለት የራሱ ወንበር ይቆጠርበታል፤ እዚህ እያለ ከሞላው የመመለሻው ይወደዳል። ከፊተኛው ግድግዳ ጋር የሚታሰረው የሕፃን አልጋ ደግሞ የክብደት ገደብ አለው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ለ13 ሰዓት ገደማ በረራ ያ አልጋ ወርቅ ነው፤ ቲኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። አሜሪካ የኩፍኙ ክትባት የሚጀመረው በዓመቱ ነው፤ ወደ ውጭ ለሚጓዝ ልጅ ግን ከስድስት ወር ጀምሮ አንድ ቀደም ብሎ ይሰጣል፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀር። ፓስፖርቱም አለ፤ ለሕፃን ሲወጣ ሁለቱም ወላጆች መፈረም አለባቸው። ስለዚህ እሷን ሰባተኛው ወር ላይ ነይ አልኳት።

ትናንት ማታ ደግሞ የቢሮ ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ልጇ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው፣ የ45 ቀን ክትባቱን ዛሬ ይከተባል፣ ቅዳሜ ሊወጡ ነው። ሆቴሉ ቀን መቀየሪያ ስንት እንደሚል ጠይቂ አልኳት። መልሳ ደወለች።

«2,000 ብር ነው አሉኝ። አይበዛም?»

«አሁኑኑ ላኪላቸው» አልኳት።