ዛቻ ሲመጣ፦ ደሴ መቆየት ወይስ ለጊዜው ዞር ማለት?

ለሰብዓዊ መብት ተሟጋች ሁለቱም መንገድ ዋጋ ያስከፍላል።

ወጪ፦ መቆየት ጠንካራ መቀርቀሪያ፣ የግቢ መብራትና የስልክ ካርድ ይፈልጋል። መውጣት ኪራይና የተቋረጠ ገቢ አለበት፤ ስንቁ ካለቀ ሰው አደጋው ሳያልፍ ይመለሳል።

አደጋ፦ የሚቆይን ሰው የሚያጋልጠው ልማዱ ነው፤ በአንድ ሰዓት ከፒያሳ ወደ ቤት፣ ሁሌ በዚያው ባጃጅ። መንገዱንና ሰዓቱን ይቀያይር። ማታ ለሚያምናቸው ሁለት ሰዎች ይደውል፤ ካልደወለ በ30 ደቂቃ ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ይወሰን። ዛቻው የመጣበትን ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ይመዝግብ፤ መልእክቱን ሳያጠፋ ቅጂውን ከከተማ ውጭ ያስቀምጥ። ይህ ለፖሊስም ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም (ኢሰመኮ) አቤቱታ ይጠቅማል።

የሚወጣው በጉዞው ይጋለጣል፤ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ሲወርድ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። «ደህና ገባሁ» ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍማ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ዛቻው ወደቀረው ቤተሰብ ሊዞርም ይችላል።

ምቾት፦ ጎረቤትና እድር ያለው ደሴ ነው።

ለማን? ዛቻው ጥቅል ስድብ ከሆነና ጎረቤት ከታመነ መቆየት ይሻላል። የቤት አድራሻን ወይም የልጅን ትምህርት ቤት ከጠቀሰ፣ ወይም ክትትል ከታየ፣ ቤተሰብን ይዞ መውጣት።