ጋሼን ላመስግን፤ ውሻ ይዛችሁ ባሃማስ ለምታስቡም ይጠቅማል

ሰላም ወገኖች። ጁን 2025 ላይ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመቷ ልጃችንና ቡቺ የባሃማስ ዋና ከተማ ናሳው ደርሰን ተመለስን። ቡቺ ውሻችን ነው። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በስልክ ይህን ስትሰማ «ውሻውም ቪዛ ወጣለት?» ብላ በሣቅ ሞተች። ቀልዷ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዝኩት ከእኔ ይልቅ ወረቀት የበዛበት ቡቺ ነበር።

ይህን ሁሉ ያለ ጣጣ ያሳለፉን አንድ ሰው ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ ዝም ብዬ ጋሼ እላቸዋለሁ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ይሠራሉ። አገር ቤት ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምረው ለዓመታት ከብትና በቅሎ ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ዲግሪያቸው እንደብዙዎቻችን ሳጥን ውስጥ ቀርቷል፤ እውቀቱ ግን አልቀረም። ከሥራ ሲወጡና ቅዳሜ ቅዳሜ እንስሳ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ወረቀቱን ያስተካክላሉ።

እንዴት እንዳገኘኋቸው ልንገራችሁ። ጉዞው የጋብቻችን 15ኛ ዓመት ነበር። ልጄ «ቡቺ ካልሄደ አልሄድም» አለች። የውሻ ማቆያ ቤት እንዳንሰጠው አንዴ ሰጥተነው ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ነው የተቀበልነው። ስለዚህ በኢንተርኔት ያገኘሁት አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ዘንድ ደወልኩ። 90 ዶላር በቅድሚያ ተቀበለኝና «የጤና ሰርተፍኬት ብቻ ያዢ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም» አለኝ። ለእኔ ደግሞ ቪዛ የግድ ነው ብሎ ሌላ 200 ዶላር ጠየቀኝ። ሁለቱም መልስ ስህተት ነበር። ለውሻው የሚያስፈልገውን አያስፈልግም፣ ለእኔ የማያስፈልገውን ያስፈልጋል! ብሩን እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ስሙን አንስቼ ግን ጊዜዬን አላጠፋም።

በቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት «ጋሼን ሳታናግሪ ትኬት እንዳትቆርጪ» ብላ ቁጥራቸውን ሰጠችኝ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ከልጄና ከቡቺ ጋር ሄድኩ። ገና ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ «የአንቺ ወረቀት ምንድነው?» አሉኝ። እኔ ስለ ውሻው ልጠይቅ ነው የሄድኩት! ግሪን ካርድ እንዳለኝ ስነግራቸው ፓስፖርቴን ገልጠው መቼ እንደሚያልቅ አዩና ከካርዱ ጋር አስተያዩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው ባሃማስ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ግን ካርዱንና ፓስፖርቱን ይዞ እስከ 30 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። «አንቺ ጨርሰሻል፤ አሁን ወደ ባለጉዳዩ» ብለው ቡቺን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር 200 ዶላር አተረፍኩ።

መጀመሪያ ወረቀት የሚጠይቁበት ምክንያት የገባኝ ከእኔ ቀጥሎ በመጣው ልጅ ነው። ጥገኝነት ጠይቆ ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ ከጓደኞቹ ጋር ለአራት ቀን ደርሶ ሊመለስ አስቧል። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያለ አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚወሰድ ፈቃድ) ከአሜሪካ የወጣ አመልካች ጉዳዩን እንደተወ እንደሚቆጠር ነገሩትና «ጠበቃህን ሳትጠይቅ ከዚህ አገር ንቅንቅ እንዳትል» ብለው ሸኙት። ሳንቲም አልተቀበሉትም። ያን ቀን ነው ልቤ ያረፈው።

ወደ ቡቺ ልመለስ። ሁለት ዓመቱ ነው፣ ክብደቱ 16 ፓውንድ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ነው ያገኘነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ኦገስት 2024 ወስዷል፤ የአንድ ዓመት ክትባት ነው። እኛ የምንሄደው ጁን 20 ቀን 2025። በእኔ ስሌት ሊያልቅ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ይቀረዋል። ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሃማሶች እንደኛ አይቆጥሩም። የአንድ ዓመት ክትባት ከሆነ ውሻው በሚገባበት ቀን ከተከተበ ከአንድ ወር ያላነሰ፣ ከ10 ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። የሦስት ዓመቱ ክትባት ከሆነ ደግሞ ጣሪያው 34 ወር ነው። ቡቺ በዚያ ቀን ከተከተበ 10 ወር ተኩል ሊሆነው ነው። ማለትም እዚህ ሜሪላንድ ሕጋዊ የሆነው ወረቀት ናሳው ላይ ዋጋ የለውም! እንደገና ቢከተብ እንኳ አንድ ወር መቆየት ስላለበት፣ ጋሼ ዘንድ ሦስት ሳምንት ዘግይተን ሄደን ቢሆን ኖሮ ጉዞው ይቀር ነበር።

ይሄ ሁሉ ጥብቅነት ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው አገር ቤት የሠሩበትን ጊዜ አነሱ፤ ያበደ ውሻ የነከሳት ላም ምን እንደምትሆን ነገሩኝ፤ ልጄ ስላለች ሁሉንም አልጽፈውም። እኔም ትዝ አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ውሻ የነከሰው ልጅ በየቀኑ ፓስተር እየተወሰደ ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ አስታውሳለሁ፤ ሲመለስ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ከእብድ ውሻ በሽታ ራሷን የጠበቀች ደሴት አንድ ውሻ ሲመጣባት ወረቀት ብታገላብጥ አልፈርድባትም።

ጋሼ ክትባቱን በዚያው ሊያስወጉት ይችሉ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ማንበቢያ መሣሪያውን አምጥተው ቡቺ አንገት ላይ አዞሩትና «ቺፕ የለውም» አሉ። ቺፕ ማለት ከቆዳ ሥር የሚገባ፣ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽዬ ነገር ነው። ባሃማስ ለመግባት ነው ወይ ብላቸው «መግባቱ ቀላል ነው፤ እኔ መጀመሪያ የማየው መመለሱን ነው» አሉኝ። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ሁሉ፣ ከዚሁ ወጥቶ የሚመለስም ቢሆን፣ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ባለቤቱም የአሜሪካውን የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት፣ የሲዲሲን፣ የውሻ ማስገቢያ ቅጽ መሙላት አለበት። እኔ ይህን ጨርሶ አልሰማሁም ነበር። ያ 90 ዶላሬን የወሰደውም አልሰማም መሰለኝ።

ሜይ 3 ቀን ክሊኒኩ ሄድን። ሐኪሟ መጀመሪያ ቺፑን አስገባች፣ ከዚያ የሦስት ዓመቱን ክትባት ወጋችው። ቅደም ተከተሉን ያስከበሩት ጋሼ ናቸው። ለባሃማስ ይህን ያህል አያስጨንቅም ነበር፤ ነገር ግን ቡቺን አንድ ቀን አዲስ አበባ ይዘነው ብንሄድ ክትባቱ ከቺፑ በኋላ መሆኑ ይጠየቃል። ኢትዮጵያ በሲዲሲ ዝርዝር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋቱ ከፍ ያለ ከሚባሉት አገሮች ውስጥ ናት። እዚያው ካሪቢያን ውስጥ ዶሚኒካን ሪፐብሊክም፣ ሄይቲም፣ ኩባም እንደዚሁ። ወደ እነዚህ የሚሄድ ሰው ውሻው አሜሪካ ውስጥ መከተቡን የሚያረጋግጠውን ቅጽ በሐኪም አስሞልቶ፣ በግብርና መሥሪያ ቤቱ፣ በዩኤስዲኤ፣ አስጸድቆ ነው ከአሜሪካ መውጣት ያለበት። ከወጡ በኋላ ትዝ ቢል አይሆንም። «ደሴት ሁሉ አንድ አይደለም» ይላሉ ጋሼ። አንዱ ጋ በ10 ዶላር ፈቃድ የሚገባ ውሻ፣ ሌላው ጋ ለወራት ለብቻው ተነጥሎ ሊቀመጥ ይችላል።

10 ዶላር ያልኩት የባሃማስን የማስገቢያ ፈቃድ ነው፤ ቫቱ ለብቻው። የሚሰጠው የአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ሲሆን ከመሄድ በፊት ነው የሚወጣው። ማመልከቻውን ስንሞላ ጋሼ አጠገቤ ቁጭ ብለው የቺፑን 15 ቁጥር ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው አስነበቡኝ። በሦስተኛው ላይ 6ን 9 ብዬ መጻፌ ተገኘ። ባለቤቴ ይህን ስነግረው ገና አልገረመውም፤ የዲቪ ፎርም በስንት ጊዜ እንደሞላን ያውቃል።

መንገዱን ብዙ አላወራበትም። ቡቺ ከወንበር ሥር በሚገባ ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ነው የሄደው። ናሳው አውሮፕላን ማረፊያ የጉምሩኩ ሰውዬ ፈቃዱን፣ የክትባቱን ወረቀትና የጤና ሰርተፍኬቱን ጋሼ በደረደሩት ቅደም ተከተል አገላብጦ አየና «ደህና ተዘጋጅታችኋል» ብሎ አሳለፈን። ከእኛ ኋላ የነበሩ ባልና ሚስት ፈቃድ ሳይዙ መጥተው ሲከራከሩ ትተናቸው ወጣን። አሳዘኑኝ፤ ጋሼ ባይኖሩ ኖሮ እኔም በእነሱ ቦታ ነበርኩ።

ከደረሱ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ፈቃድ ላለው የአገሩ የእንስሳት ሐኪም ማሳየት የሚባል ነገርም አለ። ጋሼ ቀጠሮውን ከዚህ ሆነን እንድንይዝ አድርገውን ነበር። ሐኪሙ ቡቺን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚሮጡትን ውሾች ለልጄ አሳያት። የደሴቲቱ ድብልቅ ውሾች ፖትኬክ ይባላሉ። ስሙ ከምግብ ነው የመጣው። እነሱ ሩዝና አተር አንድ ላይ ሲቀቅሉ ከድስቱ ሥር የሚያርረውን ፖትኬክ ይሉታል፤ ድሮ ያንን ለውሻ ይጥሉ ነበርና ስሙ ለውሻው ተረፈ። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔን ያረረ ሩዝ ለቡቺ እየመደበች ነው።

ስንመለስ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ፍተሻ የሚደረገው እዚያው ናሳው ላይ ነው፤ ገና ሳትሳፈሩ። ስለዚህ ሰዓት ጨምራችሁ ሂዱ። መኮንኑ ግሪን ካርዴን አየ፣ ቀጥሎ የውሻውን ቅጽ ደረሰኝ ጠየቀ። ቅጹ ነፃ ነው፤ የቡቺን ፎቶ አስገብታ የሞላችው ልጄ ናት፣ 10 ደቂቃ አልፈጀባትም። ለዚህ ቅጽ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ስልኩን ዝጉበት።

ጋሼ ለሁሉም ነገር 120 ዶላር ነው ያስከፈሉኝ። የክሊኒኩ ሒሳብ ለብቻው ነው። ጨምሬ ልስጥ ብዬ ብለምናቸው አልተቀበሉም፤ በመጨረሻ ልጄ በእጇ የሣለችውን የቡቺን «ፓስፖርት» ተቀብለው ግድግዳቸው ላይ ለጠፉት። እንከን የላቸውም ልል አልችልም። ቀን ስልክ አያነሱም፤ መልስ የሚሰጡት ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ነገር አያለሳልሱም፤ አንድ ጓደኛዬን «ይህን የሚያህል ውሻ ከወንበር ሥር አይገባም፤ እህትሽ ጋ ተዪው» ብለው መልሰዋታል፤ እስካሁን አኩርፋለች። ሰርተፍኬት የምትፈርመውም ሐኪሟ እንጂ እሳቸው አይደሉም፤ ይህን ራሳቸው አስቀድመው ይናገራሉ። የቪዛ ማመልከቻም አይሞሉም። የቪዛ ነገር ከመጣ ወደሚመለከተው ይልካሉ።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ያላችሁ ውሻ ወይም ድመት ይዛችሁ ለመጓዝ የምታስቡ፣ በውስጥ ጻፉልኝና እሳቸውን ጠይቄ ቁጥራቸውን እልክላችኋለሁ። ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ስትደውሉ የራሳችሁን ፓስፖርትና የእንስሳውን የክትባት ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ፤ «ቆይ ፈልጌ ልደውልልዎ» ያለ ሰው ደግሞ ለማግኘት እስከ ማግስቱ ማታ መጠበቁ ነው።