የአባዬ ፒካፕና የተሰነጠቀው ማኒኮቶ

ለገና አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ነበርኩ። ሐሳቤ ዘመድ ጠይቄ፣ ዶሮ በልቼ ልመለስ ነበር። ሦስቱ ቀን ግን ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር አለቀ። እንደኔ ከውጭ መጥቶ የቤተሰብ መኪና ላሠራ የሚል ሰው ካለ፣ የረዳኝንም ያናደደኝንም ልንገረው።

መኪናው የአባዬ ሃይሉክስ ነው። ደብል ጋቢና፣ ባለ 2.5 ሊትር ናፍታ። አልፎ አልፎ ደብረ ብርሃን ደርሶ ይመጣል፣ የቀረውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ነው። ከመምጣቴ በፊት በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ፤ «ዳገት ላይ ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ የአየር ማስገቢያው ነው የሚሉ አሉ፣ እዚያ ኦሪጅናሉን ፈልጊልኝ»። አሜሪካ የማይገኝ ነገር የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እኔም አምኜ ሜሪላንድ ሰፈሬ ያለ መለዋወጫ ቤት ሄድኩ። ልጁ የሻንሲ ቁጥሩን አስገብቶ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ። ለካ ሃይሉክስ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ካቆመ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ታኮማ በሚባል ሌላ ፒካፕ ተተክቷል፣ ታኮማ ደግሞ ቤንዚን ነው። ባዶ የቀረውን የሻንጣዬን ቦታ በቫይታሚንና በጫማ ሞልቼ መጣሁ።

መጀመሪያ የሄድነው አባዬ የሚያውቀው ጋራዥ ነው። ስሙ ይቅር። ንጹሕ ነው፣ ወንበር አለ፣ ዋይፋይ አለ፣ ቡና ያመጡልሻል። በኮምፒውተር መረመሩት፣ 2,000 ብር። ማሽኑ የረባ ነገር አልተናገረም፣ ልጁ ግን ኢንጀክተር ነው፣ ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው፣ ብሎ ድርቅ አለ። አራቱም ይቀየሩ፣ ከነእጅ ዋጋው 90,000 ብር። ላስብበት ስለው «ባለቤትሽ ወይ ወንድምሽ ቢመጣ ይሻል ነበር» አለኝ። እሺ። እስከዚያ ብለው የአየር ፊልትሮውን አውጥተው በኮምፕሬሰር ነፉት፣ ያውም ከውጭ ወደ ውስጥ። መካኒክ አይደለሁም። ግን አቧራውን ወደ ንጹሑ ጎን መግፋት ልክ እንዳልሆነ ለማወቅ ቤት ጠርጎ የሚያውቅ ሰው መሆን ይበቃል። ኃይለኛ አየር ደግሞ ወረቀቱን ይበሳዋል፣ ከዚያ በኋላ ፊልትሮው ለስም ነው የተቀመጠው።

የአክስቴ ልጅ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያሉ አንድ አሮጌ መካኒክ ጠቆመኝ። ሄድኩ። ቀኑን ግን አላየሁትም፤ ታኅሣሥ 24 ነበር፣ የአቡነ ተክለሃይማኖት ልደት። መንገዱ ነጠላ በነጠላ ሆኗል፣ መኪናው በሰው መሐል እየተንፏቀቀ ጥቁር ጭሱን ይተፋል፣ እናቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው በመስታወት ያዩኛል። የት ልግባ? መካኒኩም ዘግተው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ዳያስፖራ ሆነሽ መጀመሪያ የሚጠፋብሽ የበዓል ቀን ነው።

በማግስቱ ተመለስኩ። ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፣ ታፔላ የለውም፣ ሦስት መኪና ከቆመ አራተኛው አይገባም። ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ። መቀመጫ የለም፣ ሽንት ቤት አትጠይቁኝ። መካኒኩ ስልሳውን ያለፉ፣ ቱታቸው ላይ ሹራብ የደረቡ ሰው ናቸው። ስካን ምናምን የለም። «ልጄ፣ አስነሽው እስቲ» አሉኝ። አስነሳሁ። ጋዝ ስጪ አሉ፣ ሰጠሁ። ጎንበስ ብለው ሰሙ። ያፏጫል፣ እኔም ሰማሁት።

ሞተሩን አስጠፍተው ከፊልትሮው ቤት ወደ ቱርቦ፣ አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ ወደሚያስገባው፣ የሚሄደውን ማኒኮቶ ፈቱት። አኮርዲዮን የመሰለ፣ እጥፍ እጥፍ ያለው ጎማ ነው። ከዚያ ያደረጉትን አልረሳውም። የእጅ ባትሪ አብርተው ማኒኮቶው ውስጥ ከተቱ፣ ረዳታቸው ኮቱን አምጥቶ ጭንቅላታቸው ላይ ጣለላቸው፣ እሳቸው ከኮቱ ሥር ሆነው እየገለበጡ ያያሉ። ድሮ ፎቶ ቤት ያለ ሰውዬ ነው የመሰሉኝ። «ነይ ግቢ» አሉኝ። ገባሁ። በጨለማው ውስጥ አንዱ እጥፋት ላይ የፀጉር ክር የምታክል ብርሃን ታበራለች። ሦስት ጣት ትረዝማለች። ከዚያ ሶፍት ጠቅልለው የማኒኮቶውን ውስጥ ጠረጉት። ቀይ አቧራ። ከፊልትሮው በኋላ ያለ ቦታ ላይ!

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ፊልትሮው ተደፍኗል። ቱርቦው አየር ሲያጣ አጥብቆ ይስባል፣ ጎማው ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፣ ሲጨማደድ ሲዘረጋ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ በስንጥቁ በኩል ያልተጣራ አየር ከነአቧራው ይገባል። «ናፍታው አልበዛም፣ አየሩ ነው ያነሰው» አሉ ስለ ጥቁሩ ጭስ። ቤት ገብቼ ሳሰላው፣ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር ያለ ቱርቦ እንኳ 2,500 ሊትር አየር በደቂቃ ይስባል። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ፣ በዚያ ላይ የቁፋሮው። ቱርቦው ራሱ ተርፏል፤ ጣታቸውን ከተው ምላጮቹን ዳሰሱ፣ ዘንጉን ወዘወዙ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይጫወትም። «በጊዜ መጥተሻል» አሉ።

ዕቃውን ራስሽ ግዢ አሉኝ። አሮጌውን ማኒኮቶ በፌስታል ጨምረው ሰጡኝ፣ ለናሙና። ይሄን ምክር ያዙት፤ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ባዶ እጅ አይኬድም። ሞዴሉን በአፍ ብትናገሪ አምስት ሱቅ አምስት ዓይነት ዕቃ ያወጣልሻል። የመጀመሪያው ሱቅ «ከውጭ ነው የመጣሽው?» አለኝ፣ ምን እንዳስታወቀብኝ እንጃ፣ ዋጋውም አብሮ ከፍ አለ። አዲስ የቻይና 3,200 ብር። ከአሮጌው ጋር አፍ ለአፍ ሳጋጥመው በጥቂት ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ጎማውም ስስ ነው። «ፋሼታው ሲጠብቅ ይገጥማል» ይላል ሻጩ፤ ፋሼታ ማኒኮቶውን ጫፍና ጫፉ ላይ ጠፍሮ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ሊገጥም ይችላል፣ ግን አየር የሚያስገባ ማኒኮቶ ለመቀየር መጥቼ አየር የሚያስገባ ማኒኮቶ አልገዛም።

ሦስተኛው ሱቅ ያለው ወጣት ስልክ ደወለ፣ አንድ ልጅ ሮጠ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከተበተነ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ይዞ መጣ። 9,500 አለ። መካኒኩ እንዳሉኝ እጥፋቱን አንድ በአንድ በጣቴ ከፍቼ አየሁ፤ አንዱ ላይ ቀጫጭን መሰነጣጠቅ ጀምሯል። መለስኩት። አልተቆጣም፣ እንዲያውም ሳቀና «እናት፣ ጋራዥ አለሽ እንዴ?» አለኝ። ሁለተኛ አመጣ፣ ይኼ ደህና ነው። በ7,000 ተስማማን። አዲስ የአየር ፊልትሮ 1,800። በቴሌብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ስጠይቅ የሱቁን ማኅተም የመታበት ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ።

መግጠሙ አርባ ደቂቃ አልፈጀም። አብዛኛውን ጊዜ የፊልትሮውን ቤት በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉ፣ ሁለቱንም ፋሼታ በአዲስ ሲቀይሩ ነው ያለፈው። ፋሼታውን ረዳቱ በካቻቢቴ ሲያጠብቅ «ቀስ፣ ጎማውን እንዳትቆርጠው» እያሉ ከላዩ ቆመዋል። የእጅ 1,500 ብር። ሁለት ሺህ ልስጥ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ፣ «ትርፉን ለልጁ ስጪው» አሉ። የወረቀት ፊልትሮ አቧራ ሲይዝ መነፋት የለበትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መንገድ ላይ ቸግሮሽ ካልሆነ ተይው፣ ከነፋሽም ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ አሉኝ።

ከለገሃር በቸርችል ወደ ማዘጋጃ ቤት ወጣሁ፣ አባዬ ጎኔ ተቀምጧል። ፉጨት የለም። ከኋላ ያለው ሚኒባስ መስኮቱን አልዘጋም። አባዬ በመስታወት ሁለት ሦስቴ ዞሮ አየ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ባለፈው ሳምንት ደውዬ መኪናው እንዴት ነው ስለው፣ ደህና ነው፣ ዛሬ ዘይት አስቀየርኩ አለ። የት? እዚያው፣ ኢንጀክተር ይቀየር ያሉት ቤት። «ምን ላድርግ፣ ጎረቤት ነው» ይላል። ፊልትሮውን እንዳይነፉት ተናግሬያለሁ አለኝ።