የሁለቱም ደላላ ወይስ የራስ ሰው?

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ቤት ስፈልግ አንድ ደላላ «ባለቤቱ ይቀንሳል፣ አታስብ» አለኝ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ለባለቤቱ «ገዢው ቸኩሏል፣ ጠንከር በል» ሲል ሰማሁት። ሻዬ እንኳን ገና አልቀዘቀዘም!

ሰውየውን ክፉ ማለት ይከብደኛል። ኮሚሽኑን የሚቀበለው ከሁለታችንም ነው። ሽያጩ ካላለቀ ባዶ እጁን ይገባል። ስለዚህ የሚሠራው ለእኔም ለባለቤቱም ሳይሆን ለሽያጩ ነው። ፍጥነቱን ግን ማን ይችለዋል? የትኛው ግቢ እንደሚሸጥ ከጎረቤት ቀድሞ ያውቃል።

የራስ ወኪል ሌላ ነው። የሚከፍለው አንተ ብቻ ነህ። እስከ ስንት እንደምትወጣ ለሻጩ አይነግርም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ወኪል ለወካዩ ታማኝ እንዲሆን ያዛል። የወኪሉ ጥቅም ከወካዩ ጋር ከተጋጨና ሌላው ተዋዋይ ይህን እያወቀ ከፈረመ፣ ወካዩ ውሉን ማስፈረስ ይችላል። ቤት ለመሸጥ ደግሞ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ውጭ አገር ያለ ሰው ቤቱን በአጎቱ ልጅ ሊሸጥ ሲል ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው።

ለኪራይ ደላላው ይበቃኛል። ለግዢ ግን ቤቱን እሱ ያሳየኝ፤ ካርታውን፣ ዕዳና እገዳውን የሚያጣራው፣ ዋጋውንም የሚደራደረው የራሴ ሰው ይሁን። ኮሚሽን ሁለት ቦታ መክፈሉ ያማል፣ አልዋሽም።