ባለ 12 ቮልት ተንቀሳቃሽ ፍሪጅ ከመስከረም እስከ ሰኔ፦ ኮምፕሬሰሩ ደህና፣ ቦርዱ አስቸጋሪ

ደጀን ላይ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለኝ። ፍሪጁን የገዛሁት የፈንግል ክትባት ይዤ ወደ አባይ በረሃ ቀበሌዎች ለመውረድ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ከደጋው ተነስቶ በረሃው ሲገባ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፤ የበረዶ ሳጥን እስከ ማታ አያዘልቅም።

በማቀዝቀዝ በኩል ቅሬታ የለኝም። ቀትር ላይ እንኳ ቴርሞሜትሩ ከ5 ብዙም አይርቅም። ድምፁም አይረብሽም። የክዳኑ ጎማ ግን አቧራ ይይዛል፤ ካልተጠረገ በደንብ አይገጥምም።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ መኪና ላይ ነው። የቦርዱ፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ ትንሽ መብራት አንዴ ብልጭ ትልና ታርፋለች። በመመሪያው መሠረት ይህ ቮልቴጅ አነሰ ማለት ነው። የእኔው 10.4 ላይ ይቆማል፤ 11.7 ካልደረሰ አይነሳም። ባትሪው ላይ ሲለካ ሙሉ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ሲል ቦርዱ ላይ ሲለካ ግን ከ10 ይወርዳል። መሃል ላይ የሚበላው ቀጭኑ ሽቦና የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ነው። ከባትሪው በ15 አምፔር ፊውዝ በኩል ወፍራም ሽቦ ሳብኩ፤ ችግሩ ቀረ።

መጋቢት ላይ ሌላ መጣ። ሦስት ብልጭታ፦ ሞተሩ መነሳት አቃተው። ይሞክራል፣ ይተዋል፣ ቆይቶ ይደግማል። ያሳየሁት ባለሙያ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፤ ቧንቧው ተቆርጦ ይቀየር፣ ጋዝም ይሞላ» አለኝ። እምቢ አልኩ። በፋብሪካ የታሸገ መስመር ሳይመረመር አይከፈትም። እርጥበት ከገባበት ደህናውም ይበላሻል።

ለምርመራው መልቲሜትር ይበቃል። ቴርሞስታቱን መጠርጠር አላስፈለገኝም፤ ቦርዱ ለማስነሳት እየሞከረ ከሆነ ቴርሞስታቱ አዟል ማለት ነው። ቮልቴጁ በሚነሳበት ሰዓትም ደህና ነበር። የጋዙ ግፊት እንዲስተካከል አጥፍቼ አሳደርኩት፤ ጠዋትም ያው ሦስት። ከዚያ ባትሪውን ነቅዬ ከኮምፕሬሰሩ ላይ ሶኬቱን አወጣሁ። ሦስቱን እግሮች ሁለት ሁለቱን እያደረግሁ ለካሁ። ሁሉም ጋ ወደ 2 ኦም፣ እኩል። ከብረት አካሉ ጋርም አይገናኙም። የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ተቃጥሎ ቢሆን አንዱ ንባብ ይለይ ነበር። ከዚህ በኋላ ይበልጥ የሚጠረጠረው ቦርዱ ነው።

እዚህ ላይ አደራ፦ ባትሪ በቀጥታ እግሮቹ ላይ አስገብቶ «እስቲ ይሽከርከር» የሚል ካለ አስቁሙት። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። የባትሪውን ኃይል ለሦስቱ ጥቅሎች በተራ የሚያከፋፍለው ቦርዱ ነው፤ ያለ እሱ አይሠራም።

ቦርዱ ከኮምፕሬሰሩ ጎን በብሎን የተያዘ ትንሽ ሳጥን ነው። የተጻፈበትን ቁጥር ፎቶ አንስቼ፣ ያንኑ ቁጥር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ፕላስና ማይነሱን አይቼ ገጠምኩት፤ ቡና ሳይፈላ ሥራው አለቀ። ወዲያው ተነሳ፣ እስካሁንም እየሠራ ነው።

አምራቹን የምወቅሰው በአየር መግቢያው ነው። ጎኑ ላይ ስለሆነ መኪና ላይ ጆንያ ሲደገፍበት ይታፈናል፤ ቦርድ ደግሞ ሙቀት አይወድም። አሁን ያንን ጎን ሁልጊዜ ክፍት አደርገዋለሁ።

ፍሪጁን ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ። እናንተ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቦርዱ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ። «ከነኮምፕሬሰሩ ካልሆነ የለም» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።