ቦዬ ላይ ወፍ ማየት፦ አስጎብኚው ጎበዝ፣ ባይኖኩላሩ ግን…

ባሕር ዳርቻ ቆሞ ወፍ ማየት ለኛ ለጅማ ሰዎች ቅንጦት ነው። ባሕሩ የት አለና? ግን ቦዬ አለልን። ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለው ረግረግ ማለቴ ነው፣ ብዙ ሰው በባጃጅ አልፎት ይሄዳል እንጂ ወርዶ አያየውም። በመስከረም ከጓደኞቼ ጋር ከፍለን የግማሽ ቀን የወፍ ጉብኝት ሄድን።

አስጎብኚው ልጅ እሳት ነው። ገና ሳይነጋጋ ነው ያስወጣን። እንቅልፍ ስለምወድ በሆዴ ስረግመው ነበር፣ ግን እውነቱን ነው፤ ፀሐይ ከበረታች ወፎቹ ዝም ይላሉ፣ ከብቱም ጡብ ሠራተኛውም ይገባና ጸጥታው ያበቃል። ጭጋጉ ምንም ሳያሳይ እሱ በድምፅ ብቻ ይለያል። «ጋጋኖ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ እየጮኸ በላያችን አለፈ። ጋጋኖን ሁሌ ሣር ሲቆፍር አየዋለሁ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ እንደማይገኝ ግን ገና ከዚህ ልጅ መስማቴ ነው።

የቀኑ ጌቶች ግን ጥቁሮቹ ባለ አክሊል ወፎች ነበሩ። ረጃጅም፣ ራሳቸው ላይ እንደ ወርቅ ክር የቆመ ላባ ያላቸው። ጥንዶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲዘሉ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት ናቸው። አንዷ ጓደኛችን ለፎቶ ልትጠጋ ስትል ልጁ ቆጣ ብሎ መለሳት። ለዚህ ብቻ ጉርሻ ይገባዋል። ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የመጡትም ነበሩ፤ ነጫጭ ሽመላዎች፣ ከከብቶቹ እግር ሥር ደግሞ ጅራቷን የምትነቀንቅ ቢጫ ሆዷ ትንሽዬ ወፍ። እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ የሚሉ ናቸው።

አሁን ቅሬታዬ። ለሁላችን የተሰጠን አንድ ባይኖኩላር ብቻ ነው። እሱም 10 በ50፣ ከባድ፣ አንደኛው ዐይኑ አልስተካከል ያለ። 10 እጥፍ ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል፣ ረግረግ መሃል ደግሞ ክንድ ማስደገፊያ የለም። ለእንዲህ ያለ ቦታ 8 በ42 ይሻላል፤ 8ቱ የሚያቀርበው፣ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ ቀለል ይላል፣ እይታውም ሰፊ ስለሆነ የሚበር ወፍ አያመልጥም። ተራ ስጠብቅ ስንቱ ወፍ በረረብኝ! ቦቲ ጫማ አምጡ ያለንም የለም። የጅማ ዝናብ እንደሆነ እንቁጣጣሽ አለፈ ብሎ አያቆምም፣ ስኒከሬን ማየት ነው።

ቁርሱ ተራ ነው። ቡናው የጅማ ቡና፣ ምን ይወጣለታል።

የምትሄዱ ካላችሁ ቦቲ ያዙ፣ ባይኖኩላር ከሰው ተዋሱ፣ ጉማሬ ስላለ ያለ ልጁ ፈቃድ ውኃው ዳር እንዳትጠጉ። ዋጋው ቅር አይልም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፤ ለሁለት ሰው አንድ ባይኖኩላር ካደረሱ አምስተኛውን እጨምራለሁ።